በመዝገብ ላይ ስለሌለችው ሣጥናችን

ለተከበሩ ዶክተር ፎልክማር ሃዘልሆፍ፣
የሆልደርስባህ የገበታ ጨዋታ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር፣
እንዲሁም ለአርባ ስምንት ሰዓቱ የጨዋታ ፈጠራ ውድድር የዳኞች ጉባኤ በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የጉባኤውን አባላት ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በውድድሩ መክፈቻ ዕለት ንግግር ሲያደርጉ እጅግ ረጅም ሰዓት ቆመው ስለነበር፣ ወገብዎ ምን ሆኖ ይሆን እያልሁ እስከ ዛሬ ሳስብ ከርሜያለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጥቂት ደክሞኛል እንጂ።

ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ገልጬ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በዝግ ፖስታ ሁለት ጊዜ ጽፌልዎት ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል፣ ነጠላ ሰረዙ እንኳ ሳይዛነፍ፣ ያንኑ መልስ በመስጠት ስላከበሩኝ፣ ሦስተኛውን በቤተ መጻሕፍቱ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍና ለከተማችን ጋዜጣ ለመላክ ተገድጃለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ገርሊንደ ብሬነከ እባላለሁ። በመሬት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ስሥል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ዴትሌፍ ደግሞ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በባቡር መሥሪያ ቤት የጉዞ ሰሌዳ ሲያዘጋጅ ኖሯል። ላለፉት ስድስት ዓመታት እጁ ይንቀጠቀጣል።

እርስዎ ዴትሌፍን ያውቁታል። በማኅበራችሁ የሐሙስ ገበታ ዙሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጧል። ባለፈው ኖቬምበር አንድ ሐሙስ እጁ ስቶ፣ ሁለት ሰዓት የተደከመበትን ጨዋታ ከነገበታው መሬት ላይ በተነው። ማንም አልተቆጣም፤ ሁላችሁም ምንም እንዳልተፈጠረ ጎንበስ ብላችሁ ለቀማችሁ። ቤት እንደገባ “ገርሊንደ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከቤት አይወጣም፤ ማታ ማታ ከእኔ ጋር ለመጫወትም ይቀመጥና፣ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲያነሣ “ተይው” ይለኝና ሬዲዮውን ይከፍታል።

ስለዚህ የውድድራችሁን ማስታወቂያ ሳነብ ዋንጫው ትዝ አላለኝም። የሚንቀጠቀጥ እጅ የማይበትነው አንድ ጨዋታ መሥራት ፈለግሁ። ሁለታችንም ተመዘገብን። ከዚህ የሚከተሉት ቅሬታዎቼ፣ ቅሬታ ማለት ከበዛባቸውም ትዝብቶቼ፣ እነሆ።

አንደኛ። ደንባችሁ “ጭብጡ ዓርብ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ይገለጻል፤ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ተወዳዳሪው ሙሉ አርባ ስምንት ሰዓት አለው” ይላል። ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ፤ እርስዎም ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት መናገር ጀመሩ። ስለ ማኅበሩ መሥራቾች፣ መሥራቾቹ ስለተጣሉበት ምክንያት፣ ስለታረቁበትም ቢራ ቤት ሠላሳ አምስት ደቂቃ አስተማሩን፤ ጭብጡ “ድልድይ” መሆኑን የነገሩን በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ለትምህርቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ከአጠገቤ የነበረ ሰው በሠላሳ አምስቱ ደቂቃ ውስጥ ሁለት እርሳስ ቀርጾ ጨርሷል።

ሁለተኛ። አርባ ስምንት ሰዓት ለእናንተ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። በእኛ ቤት ዴትሌፍ መድኃኒቱን ሲወስድ ለሁለት ሰዓት ያህል እጁ ያርፍለታል፤ ከዚያ መንቀጥቀጡ ተመልሶ ይነሣበታል። ቅዳሜን እነዚያን ሰዓታት እየጠበቅን ዋልን። ያሰብነው ጨዋታ “ማዶ ለማዶ” ይባላል። በመካከሉ ወንዝ የተሣለበት ወፍራም ጣውላ ነው፤ ስድሳ አራት ቀዳዳዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ አፉ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ችካሉን የትም ጣል ቢያደርገው ራሱ ተንሸራቶ ቦታውን ያገኛል። አንዴ ከገባም ገበታውን ብትገፉት አይወጣም። አርባዎቹን ችካሎች ከአሮጌ የመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ፣ በሞረድ ሞርዶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሳቸው ዴትሌፍ ነው። እጁ ባረፈ ቁጥር ይሠራል፤ ሲንቀጠቀጥ ያስቀምጣል፤ እንደገና ያነሣል። አንዱንም አልነካሁበትም። ልርዳህ ብል የሚመልስልኝን ስለማውቅ አፌን ዘግቼ አብሬው ተቀመጥሁ።

በዚህ የተነሣ ቀዳዳዎቹን መሰርሰር ለእሑድ ቀረ። ውድድራችሁን እሑድ የሚያልቅ አድርጋችሁ ስትወስኑ፣ በከተማችን እሑድ ሱቅ እንደማይከፈት፣ መዶሻ እንደማይነሣ፣ መሰርሰሪያም እንደማይሽከረከር ዘንግታችሁት ነው ብዬ አላምንም፤ ትዕግሥታችንን ልትፈትኑ እንጂ። በምድር ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፌ፣ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ፣ እንደ ሌባ ተጠንቅቄ መሥራት ያዝሁ። ሃያ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ስደርስ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን አቶ ክኒፕ የቤታችንን በር አንኳኩ፤ ወጥቼ ከፈትሁላቸው።

“ወይዘሮ ብሬነከ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?”

“እሑድ ነው፣ አቶ ክኒፕ።”

“ታዲያ ይሄ የምሰማው ምንድን ነው?”

“ድልድይ ነው።”

“ድልድይ ሰኞም ይሠራል!” አሉኝ፤ ጆሯቸው ቀልቷል። አርባ አንድ ቀዳዳ ይቀረኛል፤ እጄ ውኃ ቋጥሯል፤ ማልቀስም አማረኝ። ያዳነኝ ዴትሌፍ ነው። ከወጥ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ክኒፕ፣ አንተ ከላይ ቤትህ ቁጭ ብለህ ከምትሰማ ምድር ቤት ወርደህ ጣውላውን ያዝላት፤ ቶሎ ያልቃል” አለ። አቶ ክኒፕ ምድር ቤት ወረዱ፤ ያዙልኝ። እየያዙም እስከ ስድሳ አራተኛው ቀዳዳ ድረስ ስለ እሑድ ክብር ገሠጹኝ።

ደንባችሁ ጨዋታውን በሥጋም በጋብቻም የማይዛመዱን ስድስት ሰዎች ተጫውተው እንዲፈርሙ ያዛል። አምስቱን ከሕንፃው ለቃቀምን፤ ስድስተኛው አቶ ክኒፕ ሆኑ። ሁለት ጊዜ ተሸነፉ፤ ሦስተኛውን ካላሸነፍሁ አልነሣም ብለው አሸነፉ። ከፊርማቸው በታች የጻፉትን ሰነዱ እጄ ላይ ስላለ ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ “ጨዋታው መልካም ነው። ጩኸቱን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።” ዴትሌፍ ከእሳቸው ጋር ሦስቱንም ጨዋታ በገዛ እጁ ተጫውቷል። አንድ ችካል እንኳ አልወደቀም።

ሦስተኛ። ይህኛውን ስጽፍ ድካሜ ስለሚብስ አጭር ለማድረግ እሞክራለሁ። እንደምናውቀው በማርች የመጨረሻው እሑድ፣ ሁላችን በተኛንበት፣ አገሩ ሁሉ ሰዓቱን ከሌሊቱ ስምንት ወደ ዘጠኝ ያዘልላል። ከዓመቱ ቅዳሜና እሑድ ሁሉ መርጣችሁ ውድድሩን ያደረጋችሁት በዚያ ነው። ዴትሌፍ ይህን ገና ዓርብ አስቦበታል። ለሠላሳ ሰባት ዓመት በዚያች ሌሊት ለሚጓዙ ባቡሮች ሰሌዳ ያወጣ ሰው ነውና፣ ነገሩን እንደ ሥራው አሰላው፦ ደንቡ ሙሉ አርባ ስምንት ሰዓት ይላል፤ ሰዓቱ ቢዘልም ባቡሩ ሐዲዱን አይዘልም፤ ስለዚህ አርባ ስምንቱ ሰዓት የሚሞላው በአዲሱ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ኪሱ ከተተ። ጨዋታውን ከነችካሎቹ በሣጥን ይዘን አዳራሻችሁ የደረስነው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነበር።

ጸሐፊያችሁ ወይዘሪት ሽትሩክ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየችና “አርባ ደቂቃ ዘግይታችኋል” አለች።

“ሃያ ደቂቃ ቀድመናል” አላት ዴትሌፍ።

“አቶ ብሬነከ፣ እኔ የማነበው ግድግዳው ላይ ያለውን ነው።”

ዴትሌፍ ስሌቱን ሊያሳያት ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። የመድኃኒቱ ሰዓት አልፎ ስለነበር ወረቀቱ በእጁ ላይ እየተርገፈገፈ ለእሷም ለእሱም አልነበብ አለ። ትንሽ ታገለው፤ ከዚያ አጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተው። እኔ ማንበብ እችል ነበር። ለምን ተቀብዬ እንዳላነበብሁላት እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

በጽሑፍ የሰጡን መልስ “ለውድድሩ ሲባል ሰዓት ማለት የአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት የሚያሳየው ነው” የሚል ነው። ለዚህ ጥልቅ ማብራሪያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የወደፊት ተወዳዳሪዎችን በማሰብ፣ ውድድሩን ሰዓቱ ወደ ኋላ ወደሚመለስበት የኦክቶበር እሑድ እንዲያዛውሩት በትሕትና ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ያን ጊዜ ማኅበሩ በራሱ ቸርነት አርባ ዘጠኝ ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። ዴትሌፍ ግን አይቀልድም። “በሥራ ዘመኔ አንድ ባቡር አላዘገየሁም፤ አንቺን አዘገየሁሽ” ይላል። አልዘገየንም ብለው አይሰማኝም።

አራተኛ። ከውድድሩ መውጣታችንን ተቀብለናል። ያን ዕለት ወይዘሪት ሽትሩክ ጉባኤው እስኪወስን ብላ ያስቀረቻት ሣጥናችን ትመለስልን ብለን ስንጠይቅ ግን፣ የዘገየ ሥራ በመዝገብ እንደማይገባ፣ በመዝገብ ያልገባ ሥራ የመለያ ቁጥር እንደሌለው፣ የመለያ ቁጥር የሌለውም ሊመለስ እንደማይችል አስረዱን። በመሬት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁ ሴት እንደመሆኔ እንዲህ ያለውን የአስተሳሰብ ጥራት አደንቃለሁ። ሆኖም በሥራ ዘመኔ በመዝገብ ላይ የሌለ ኩሬ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ዳክዬዎቹ ይዋኙበት ነበር።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ አሁን ምፀቱን ላቁም። ሌላ ጣውላ ልሰረስር እችላለሁ፤ አቶ ክኒፕም በሥራ ቀን ከሆነ እይዝልሻለሁ ብለውኛል። ችካሎቹን ግን ማንም አይሠራልኝም። ዴትሌፍ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሞረድ አልያዘም፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ቢጨምርለትም እጁ የሚያርፍበት ጊዜ እያጠረ ነው። እነዚያ አርባ ችካሎች ባለቤቴ በእጁ የሠራቸው የመጨረሻ ነገሮች ናቸው። የምንጫወተውም በእነሱ ነው። ማታ ሲሆን ወጥ ቤት ገበታ ላይ ይቀመጥና “ጻፉልሽ?” ይለኛል። አልጻፉም እለዋለሁ። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው። ዋንጫም፣ የምስክር ወረቀትም፣ ይቅርታም አልጠይቅም፤ ሣጥናችንን ስጡን።

ስለ ጊዜያችሁ፣ በተለይም ስለ እኛ ጊዜ፣ ስላሳያችሁት ጥንቃቄ ደግሜ እያመሰገንሁ፣ የግድግዳ ሰዓታችሁ መቼም እንዳይሳሳት፣ የመዝገባችሁም ገጾች እንዳይጎድሉ እመኛለሁ። በመዝገብ የሌለው ጨዋታ ሁለተኛዋ ፈጣሪ፣ ለጉባኤው እጅ የምትነሣ፣

ገርሊንደ ብሬነከ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለጋዜጣው የሚሄደውን ፖስታ ገና ሳልዘጋ አዳራሻችሁን የሚያጸዱትን ወይዘሮ ጉልሰረንን ዳቦ ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። “ያቺ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ጣውላ የእናንተ ናት እንዴ?” አሉኝ። “ሐሙስ ሐሙስ ስብሰባው ሲያልቅ ሲጨቃጨቁባት ያመሻሉ እኮ! ሊቀ መንበሩ ደግሞ ይብሳሉ። እስካሁን አንድም ሰው ሲያሸንፍ አላየሁ፤ እኔ መብራት ላጥፋ ብዬ ቆሜ እቀራለሁ።”

አለማሸነፋችሁ አይግረማችሁ። በ“ማዶ ለማዶ” ማንም ብቻውን አይሻገርም፤ ድልድዩ የሚሞላው ተጋጣሚህን ለምነህ አንድ ችካል ሲያበድርህ ነው። ይህ በጨዋታው የደንብ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ወረቀቱን ግን ሰነድ ስለሆነ ከእምቢታ ደብዳቤያችሁ ጋር መልሳችሁ ልካችሁልናል። ለዴትሌፍ ስነግረው ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ፤ “ስድስት ሳምንት ሙሉ አንዱም አልለመነም?” እያለ ደግሞ ሳቀ።

ስለዚህ የፊታችን ሐሙስ ሁለታችንም እንመጣለን። ከእናንተ ጋር እንጫወታለን፤ ስንጨርስ ሣጥናችንን ይዘን እንሄዳለን። ደንቡን የሚያስረዳችሁ ዴትሌፍ ነው። ሲናገር ቀስ ይላልና፣ እባካችሁ ሰዓት አትያዙበት።