ለአባቴ ግድግዳ የመጣው ኮምፔርሳቶ

ለተከበሩ የመልሶ ግንባታ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሐይቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ በተለይም ለቢሮዎ ጣራና ግድግዳ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። አላህ ዝናቡን ከውጭ፣ እርስዎን ከውስጥ ያቆይልን። እኔ ሒክማ ኑርዬ እባላለሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሐይቁ ዓሣ ሲያወጣ የኖረው የኑርዬ ልጅ ነኝ፤ አማርኛ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌም ድፍረት ሆኖ እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ስለ እኛ የሚሰበሰቡትን ሰው በእኛ ጉዳይ ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ አባቴ፣ እናቴ ሙጂባና እኔ ጎረቤታችን ጋሽ ዝናው ይዘውን ወደ አምባሰል ገጠር፣ ወደ ዘመዶቻቸው ሸሸን። በታኅሣሥ ስንመለስ ቤታችንን ከባድ መሣሪያ መትቶት አገኘነው። ከፍርስራሹ አጠገብ ሸራ ወጥረን ገባን። በሚያዝያ ወር ቤት ለፈረሰባቸው ሰዎች ግድግዳ የሚሆን ኮምፔርሳቶ በመኪና መጣ፤ አባቴም ሳይጠራ ሄዶ ሲያራግፍ ዋለ።

ስለዚህ አንደኛው ምስጋናዬ ለተስፋው ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ይታደላል» ብለው ስለ ነገሩን አባቴ እንቅልፍ አጣ። ከባሕር ዛፍ አጠና ቋሚና ማገር አቆመ፤ ከፍርስራሹ የተረፈውን ቆርቆሮ አቃንቶ ጣራ መታበት፤ ከአሮጌ ሳንቃ በር ሠርቶ ገጠመለት። የቀረው ግድግዳው ብቻ ነበር። እናቴ በቋሚዎቹ መሐል አቋርጣ ስትገባ ባየ ጊዜ «አንቺ ሴት፣ ግድግዳዬን አትርገጪው፤ በበሩ ግቢ!» ይላት ነበር። እሷም እየሳቀች ትመለስና በሩን ከፍታ ትገባ ነበር።

ሁለተኛው ምስጋናዬ፣ የኮምፔርሳቶው ርክክብ ከላይ የሚጋበዙ እንግዶች ሳይገኙ እንዳይፈጸም በመወሰንዎ ነው። ድሃ ብንሆንም እንግዳ አክባሪ መሆናችንን ስላወቁልን ክብር ይስጥልን። እንግዶቹ ግን ጊዜው አልተመቻቸውም፤ በሰኔም በሐምሌም አልተመቻቸውም። ኮምፔርሳቶው በጥይት ጣራው በተበሳሳው መጋዘን ውስጥ፣ ባዶ አፈር ላይ ተነጥፎ፣ እርጥብ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃቸው ጀመር። ምስጥ ከአፈር እንደሚወጣ፣ እርጥበት የያዘው እንጨት እንደሚሻግት እዚህ አገር ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ከሥሩ ድንጋይ መደርደር፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ማድረግ፣ ነፋስ እንዲገባበት መሐል መሐሉን መክፈት፣ ጠርዙን የተቃጠለ ዘይት መቀባት፣ ጣራው በሚያፈስበት በኩል ላስቲክ መወጠር፤ ይኸው ነው፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

አባቴና ጋሽ ዝናው ድንጋዩን በጋሪ ጭነው ሲወስዱ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። የመጋዘኑ ጠባቂ አብዱልሰመድ በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ ኑርዬ፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ፈቃዱ ግን ከላይ ነው» አላቸው።

አባቴም «ምስጡስ ፈቃዱን ከማን አመጣ?» አለው።

አብዱልሰመድ ስልኩን አወጣ። ሰው ነውና አዝኖ እኛው ፊት ደወለልዎ። «ሳይመረቅ ማንም እንዳይነካው» ሲሉ ድምፅዎ እስከ ጋሪው ድረስ ተሰማ። መልስዎ አጭርና ግልጽ ስለ ነበር አመሰግናለሁ። ድንጋዩን እዚያው ደጅ አራግፈን ተመለስን።

ሦስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ተቀምጬ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ክረምቱ ሲበረታ አባቴን ሳል ያዘው። ሸራው ውኃ ስላስገባ ጣራው ወደ ተመታው ቤት አዛወርነው፤ በግድግዳ ፈንታ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ጤና ጣቢያ ብወስደው ነርሷ መድኃኒቱን ሰጥታን «ደረቅ፣ ነፋስ የማያስገባ ቦታ ይተኛ» አለችኝ። ቢሮዎ መጥቼ ለጸሐፊዎ የነገርኳት ይህንኑ ነው። የእኛን ድርሻ በውሰት እንኳ ስጡንና የምርቃቱ ዕለት ነቅለን እንመልሳለን፣ እንደገናም ተቀብለን እናጨበጭባለን ብዬ ነበር። ጸሐፊዎ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ገብታ ወጣች። «በሚቀጥለው ሳምንት ይሆናል ብለዋል» አለችኝ።

በነሐሴ፣ አንድ ጠዋት፣ አባቴ «ወደ ግድግዳው አዙሪኝ» አለኝ።

«የቱ ግድግዳ፣ አባ?» አልኩት። ይህን መጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ወደሚመጣው» አለኝ።

ብርድ ልብሱ ወደሚውለበለብበት በኩል አዞርኩት። እናቴ ራሱን ደገፈችው፤ ሸሃዳውን አብራው አለች። ዝናቡ ሳያባራ ነፍሱ ወጣች። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሰላም ወረደና እንግዶችዎ በታኅሣሥ ተመቻቸው። ድንኳኑ ያማረ ነበር፤ ሙዚቃውም እንዲሁ። ከመድረኩ «አቶ ኑርዬ አሉ?» ተብሎ ተጠራ። መሞቱን የነገራችሁ ሰው አልነበረም፤ ወይም የሰማው አልነበረም። እኔ «የሉም» ልል ስል እናቴ ከጎኔ ተነሣች። «አለ» አለች። ወደ መድረኩም ሄደች።

ኮምፔርሳቶው ፊቱ ለበዓሉ ሰማያዊ ተቀብቶ ነበር፤ ለዚህ ትጋትዎም ምስጋና ይገባዎታል። በጀርባው ግን ምስጡ የጭቃ መንገዱን ዳር እስከ ዳር ዘርግቶበታል። እናቴ ልትሸከመው ብድግ ስታደርገው መሐሉ ተሰበረ፤ ንብብሩ እንደ ረጠበ ደብተር ተላቀቀ፤ ነጭ ሻጋታና ብናኝ ሻሿ ላይ ወረደ። ሙዚቃው ወዲያው ከፍ ተደረገ። እናቴ ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ትለቅም ጀመር። ሄጄ «እማ፣ ተይው» ብላት «ስሙ ተጠርቶበታል፤ ሰው እግር ላይ አልጥለውም» አለችኝ። ሁለታችንም ተንበርክከን ለቀምን፤ ቤታችን ጀርባ ጉድጓድ ምሰን አፈር አለበስነው።

በሳምንቱ ጋሽ ዝናው ዘመዶቻቸውን ከደጋ አስመጡ። ጭድ ይዘው ወረዱ፤ ጭቃውን አብኩተው ማገሩን መረጉት። እናቴ ዛሬ የምትኖረው በዚያ ቤት ነው፤ ሙቀት አለው። ስለዚህ ለእኛ የምለምንዎት ነገር የለም።

የምለምንዎት ለሌሎች ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ኮምፔርሳቶ መጥቷል። በመጋዘኑ በር ቀዳዳ አየሁት፤ ዛሬም አፈር ላይ ተነጥፏል። እንደ እኛ ቤቱ የፈረሰበት ዑበይዱላህና ልጆቹ ዛሬም ሸራ ሥር ናቸው፤ ትንሿ ልጁ ተማሪዬ ናት፤ ክፍል ውስጥ ስታስል ማስተማር ያቅተኛል። ክቡር ሆይ፣ ወይ ዛሬውኑ ያድሉት፣ ወይ ከመሬት ከፍ ያድርጉት። ስሜ በማንኛውም ንግግር ላይ እንዲጠቀስ አልፈልግም፤ የእነሱ ቤት ብቻ ክረምት ሳይገባ ግድግዳ ይኑረው።

ሥልጣንዎ ይርጋ፣ ወንበርዎ አይንቀጥቀጥ፣ በስብሰባ የሚያልፍ ዕድሜዎ ይርዘም እያልኩ፣ በደጅዎ ቆሜ የለመድኩትን ትሕትና ሳላጓድል እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ሒክማ ኑርዬ

ማስታወሻ፦ የምርቃቱ ዕለት የተነሣው የእናቴ ፎቶ በቢሮዎ መግቢያ ላይ «ደስተኛዋ ተጠቃሚ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተሰቅሎ አይቻለሁ። ጥርሷ የታየው እያለቀሰች ነው። እባክዎ ያውርዱልን።