አሥራ ሦስተኛዋ ዘፈን

ሰኞ፣ ጁን 7፣ 1965

የኪንግስተን ሙቀት አያድርስ ነው። ሁለት ቀሚስ ሰፍቼ የአንዱን እጅጌ ገልብጬ ኖሮ ፈታሁት። ሐሳቤ የት ነበር? ስቱዲዮ! ነገ የመጀመሪያ አልበማችንን መቅዳት እንጀምራለን፤ መሪ ዘፋኛችን ኤግበርት፣ ላሴልስና እኔ።

እማማ፣ "ነገ የምትቀዱት ያን ስካ የምትሉትን የሰይጣን ሙዚቃ ነው?" ብላ የምትሸጠውን የቦዬ ሥር ተሸክማ ገበያ ሄደች።

ረቡዕ፣ ጁን 9

ሦስት ሰው በአንድ ማይክራፎን… ላሴልስ ደግሞ ሽንኩርት በልቶ መጥቷል። ትሮምቦን ነፊው አስነጠሰና ስድስተኛውን ዘፈን ከአናቱ ጀመርን። ሳቅ ሊገድለን።

አሥራ ሁለቱ ሲያልቁ ስለ እማማ የጻፍኳትን ቀዳን። በአንድ ጊዜ አለቀች! አሳታሚያችን ሚስተር ፒኖክ ግን፣ "አይሲ፣ ዘፈንሽ ቆንጆ ናት። አልበሙ የሚይዘው አሥራ ሁለት ነው። ደግሞ በገበያ ሴትዮ ማን ይጨፍራል?" አለኝ። ኤግበርት ጫማውን ያያል። መሪ ዘፋኝ ተብዬ! እማማ ይቺን ብትሰማ ትለሰልስልኝ ነበር… መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጁን 11

ኤግበርትን አኩርፌዋለሁ። ማንጎ አመጣ። በላሁለት፣ አላናገርኩትም።

እሑድ፣ ጁን 13

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው…

ከሰዓት በኋላ ፒኖክ የአሥራ ሦስቱንም ዘፈን የሙከራ ሸክላዎች ይዞ ሰፈሩ ወደሚጨፍርበት ግቢ መጣ። እንደ ልማዱ ከሁሉም ላይ የዘፈኑን ስም ፍቆ አጥፍቷል፣ ተፎካካሪዎቹ ዘፈኑን እንዳያውቁበት። "አሁን ኤግበርትን ስሙ!" ብሎ መርፌውን አሳረፈ። የእኔ ድምፅ! የገዛ ሸክላውን መለየት አቅቶት! ሊያነሳው ሲሮጥ ሰዉ የቆርቆሮውን አጥር ይደበድብ ጀመር። "ድገመው! ከመጀመሪያው!" ስድስት ጊዜ ተደገመ። ግቢው በር ላይ ያለችው ዓሣ ጠባሽ መጥበሻዋን ጥላ፣ "ይቺ እኮ እኔ ነኝ!" እያለች ጨፈረች።

ኤግበርት ጠጋ ብሎ፣ "ያንቺ ከገባች ከኔ አንዷ ትወጣለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አፈርኩ። ትውጣ" አለ። ታረቅኩት። ማንጎውም ጥሩ ነበር።

ሰኞ፣ ጁን 14

ፒኖክ መነጽሩን እየወለወለ፣ "ሆን ብዬ ነው የከፈትኳት" ይላል። ይሁንለት! የእኔ ገባች። ያውም መጀመሪያ ላይ!

እሑድ፣ ጁላይ 25

አልበሙ ትናንት ደረሰ። ሽፋኑ ላይ ባለው ፎቶ ዓይኔን ጨፍኛለሁ… ምን ቸገረኝ?

ጠዋት ከጎረቤት ማጫወቻ ተዋስኩ። እማማ ለቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አድርጋለች። "በሰንበት እንዳትከፍቺው!"

ከፈትኩት። በሩን ይዛ ቆመች። አልወጣችም። እስክታልቅ ድረስ የሸክላውን መዞር ብቻ አየሁ።

"እኔ ብርቱካን ሸጬ አላውቅም" አለች።

"ቦዬ ቤት አልመታ ብሎኝ ነው እማማ።"

"ሃያ ዓመት ቦዬ ሸጬ…"

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። ባርኔጣዋን አውልቃ አልጋዬ ላይ ቁጭ አለች።

"እስቲ ድገሚው። ከመጀመሪያው።"