አባትህ መሪ ጨበጠ

ልጄ፣ የረገጥከው ሁሉ ይለምልምልህ፤ ክፉ አይይህ። ደህና ነን፣ ልቤ ግን አላርፍ ብሎኛል።

አባትህ ረዳቱ ከሞተበት ከዚያ የጭነት መኪና አደጋ ወዲህ መሪ ነክቶ አያውቅም ነበር። አሁን ትተኸው የሄድከውን የኮምፒውተር ጨዋታ መሪ ጠረጴዛ ላይ አስሮ፣ በኢንተርኔት ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲሽቀዳደም ይውላል። ወገቡን ያመዋል፤ ምሳውም ቀርቦለት ይቀዘቅዛል። ትናንት የብረት ድምፅ ሰምቼ እጄን ሳልጠርግ ከማድቤት ሮጥኩ። መኪናው ስክሪኑ ላይ ተገልብጧል፤ እሱ ይስቃል።

«አይዞሽ፣ እዚህ ሰው አይሞትም» አለኝ።

ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኝም ዓይኔን ከተገለበጠው መኪና አላነሳሁም።

እስቲ እሁድ አብረኸው ተወዳደር። አውቀህ አትሸነፍለት፤ ይነቃብሃል። ወጥተህ ግባልኝ፣ ልጄ። ጨዋታም ቢሆን ቀስ ብለህ ንዳ፤ ከኋላው ቆሜ አያለሁ።

እናትህ