ከሰልፍ ሜዳው ፊት ለፊት ለተከፈተልን የምክር ክፍል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ኮሎኔል፣ ለካምፓችን የጤና አገልግሎት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ጫማዎ ያብራ፣ እንቅልፍዎም የሕፃን ይሁን እያልኩ፣ እኔ የአንድ ሃምሳ አለቃ ሚስት፣ «ምስጢራዊና ለሁሉም ክፍት» ብለው ላስመረቁልን የምክር ክፍል ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

ባለቤቴ ከግንባር የተመለሰው፣ እንደ ሪፖርትዎ፣ በሙሉ ጤንነት ነው። አንድ ቀን ልጃችን የድስት ክዳን ብትጥል፣ በላይዋ ተደፍቶ «እንዳትነሺ፣ ዝም በይ» እያለ አፏን አፍኖ ያዛት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ እሱ ሲገባ ትወጣ ጀመር። «ምን ሆኜባት ነው?» ብሎ በጠየቀኝ ዕለት ወደ ክፍልዎ ይዤው መጣሁ፤ ያገኘነውም መስተንግዶ የሚከተለው ነው።

፩. ክፍሉ ባለ መስታወት በር ሆኖ ከሰልፍ ሜዳው ትይዩ መሠራቱ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል፤ ባለቤቴ ብቸኝነት እንዳይሰማው ጓዶቹ ሁሉ ከሰልፍ ላይ ሆነው ሲያዩት አርፍደዋል።

፪. ነርሷ «የጭንቀቱ ሰውዬ፣ ግባ» ብላ በአዳራሹ መጣራቷ ስሙን በምስጢር ለመጠበቅ መሆኑ ገብቶኛል።

፫. ሕክምናውን ለመቀጠል የአዛዡ ፈቃድ ያስፈልጋል መባሉም መልካም ነው። አዛዡ «መታከም መብትህ ነው፤ ግን ለዕብድ መሣሪያ አይሰጥም፣ ማዕረግህንም እርሳው» ብለው አባታዊ ምክር ለገሱት፤ ባለቤቴም እዚያው በቆመበት ተፈወሰ።

፬. ለራሴም ምክር ብጠይቅ «የወታደር ሚስት ሆደ ሰፊ ናት፤ ቻይው እህቴ» ተባልኩ። «ሆድ ይፍጀው» የተባለው መድኃኒት ያለ ማዘዣ፣ ያለ ወረፋ ስለተሰጠኝ ውለታዎ አለብኝ።

አመስጋኝ አይደለሽም እንዳልባል ግን ልናዘዝ፤ ለጎረቤት «ዘመድ ጥየቃ» ብለን ከተማ ወዳለ ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ በሩን ዘጋች፣ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፣ ከዚያም ዝም ብላ አዳመጠችው። ባለቤቴ ከተመለሰ ወዲህ ያልተናገረውን ሁሉ እዚያ ተናገረ፣ አለቀሰም። አሁንም እየተመላለሰ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ልጅቷ ጫማዋን እንዲያስርላት እግሯን ዘረጋችለት።

«ብረት ናችሁ» ተብላ በየበዓሉ የሚጨበጨብላት፣ ዝገቷን ግን በጓዳዋ የምትፈትግ፣
ታዛዥዎ፣ የሃምሳ አለቃው ሚስት።

ይድረስ ለእርስዎ ብቻ፦ በክሊኒኩ ተራ ስንጠብቅ ሻርፕ ተከናንበው ከጎኔ የተቀመጡት እመቤት፣ ባለቤቴ አብሮኝ መምጣቱን አይተው «ታድለሽ፤ እኔ ልብስ ሰፊ ዘንድ ብዬ ነው የወጣሁት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላወጡም። ዛሬ እራት ሲያቀርቡልዎ አይጠይቋቸው፤ ለእርስዎ የነገሩዎት ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደሚሄዱ ነው።