ቡልቡላ የሚባለው ልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 3 ሰዓት

የአ.አ. ሱቅ ትዕዛዝ ላከ። ሁለት መቶ አርባ ቀሚስ፣ ለጥር ሰርግ። ልኩ ከሞጆ እስከ ባቱ። አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ የሉበትም። መልስ እስከ ሰኞ ስድስት ሰዓት።

ስፌተኞቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። እግሬ አብጧል።

ደብተሬ፣ የምታውቂውን ልድገምልሽ፤ ስጽፈው ይጠራልኛል። እኛ ቤት ቁጥር አይጠራም። ሱቁን የከፈትኩ ሰሞን ቆራጫችን ጋሽ ከድር አንዲት ሴት ለክተው የወገቧን ቁጥር እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ጠሩት። ሴትየዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አልተመለሰችም። ጋሽ ከድር በወጣትነታቸው የአውቶቡስ ረዳት ነበሩ። በማግስቱ ልኮቹን ከአዳማ ወደ ደቡብ በሚሠሩበት መንገድ ከተሞች ሰየሟቸው፦ ሞጆ፣ ቆቃ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ። ከአዳማ በራቀ ቁጥር ይሰፋል። ሌላ ሱቅ የሚያልቅበት ትልቁ ልክ ለእኛ ትንሹ፣ ሞጆ ነው።

ስማችን የወጣው በዚህ ነው። አሁን ደንበኞች ራሳቸው ያወሩታል። መቂ ነበርኩ፣ ከወለድኩ ወዲህ ባቱ ገባሁ ይላሉ። ይሳቃል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ማታ

ወ/ሮ ሶስና ደወለች። ለአ.አ. ሱቅ ልብስ የምትመርጠው እሷ ናት። ትሁት ናት። ሁለቱ ለምን እንደቀሩ ጠየቅኳት። ትልልቆቹ መስቀያ ላይ ሲታዩ ሌላውን ደንበኛ ያሸሻሉ አለች። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ሁለቱን ልክ እዚህም መሥራታችንን ጭራሽ እንድንተው ትመክራለች፤ እዚያም እዚህም የሚሸጠው በአንድ ስም ስለሆነ። ውሉ ላይም እንዲገባ ትፈልጋለች። አመሰገንኳት። ለምን እንዳመሰገንኳት እንጃ።

መብራት ከአምስት እስከ ዘጠኝ ጠፋ። ስፌተኞቹ ልጆች በእጅ ሲዘመዝሙ ዋሉ። ስድስት ናቸው። ይህ ትዕዛዝ ካልመጣ ከገና በኋላ ሁለቱን አላቆይም። ያውቃሉ።  ንፋሱ አቧራውን ነጩ ጨርቅ ላይ አመጣው። እንደገና ማራገፍ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አዴ ጫልቱ ከመቂ መጡ። የሽንኩርት ደላላ ናቸው። የመጀመሪያው ቡልቡላ የተቆረጠው በእሳቸው ልክ ነው፤ በፊት ሁለት ቀሚስ አስቀጥለው ነበር የሚለብሱት። ጥር ላይ ትንሿን ልጃቸውን ይድራሉ።

ጋሽ ከድር ሜትሩን ይዘው፣ አዴ፣ አሁንም ቡልቡላ ነዎት? አሉ።

«ሻሸመኔ ሳልደርስ ቶሎ ቁረጥ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅኩም፤ አዩኝ። የትዕዛዙን ነገር ነገርኳቸው።  ከዚያ እንደ ደላላ መለሱ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መኪናው ሲሞላ የተረፈው ጆንያ መሬት ይቀራል። ሾፌሩ አይወቀስም። ፈርሚ።»

እፎይ አልኩ። ለአምስት ደቂቃ ያህል።

በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ። በታላቋ ልጃቸው ሰርግ በሁሉም ፎቶ ላይ ተቀምጠው፣ የተቀጠለው ቀሚስ እንዳይታይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንደተነሱ ነገሩኝ። የዚህችኛዋን ቆመው ሊነሱ ነው። እና አንድ ነገር፦ ቀሚሱ ሁለት ይሁንልኝ አሉ። አንዱን ያስቀምጡታል። ቡልቡላን የምትተዪው ከሆነ ለኋላ ይሆነኛል አሉ።

በትህትና ነው ያሉት። የከበደኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ደክሞኛል። ብብቴ ሥር ያለውን አልዘጋ ያለ ዚፕ በመርፌ ቁልፍ ነው የያዝኩት፤ ነጠላ ይሸፍነዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ባቱ ነኝ እያልኩ ነው።

ሁሉም ሲወጡ ጋሽ ከድር ሜትሩን ይዘው መጡ።  ለኩኝ። ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ አጥፈው ሰጡኝ። አዳሚ ቱሉ።

«ባቱ ላይ ወራጅ አለ ብዬ ስጮህ ሰምተሽ ሳትወርጂ ያለፍሽ መንገደኛ ነሽ» አሉኝ። በዚህ ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ ተስማምቻለሁ ይላል። ሌላው ስድስቱም ልክ ካልሆነ ይቅርብኝ። ሁለቱም ሦስት ሦስት መስመር ናቸው። ስድስቱን ልጆች አንድ በአንድ አሰብኩ። ማንን ነው ሥራው ይቅርብሽ የምለው? 

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል

መብራት አለ። መኪኖቹ ይሠራሉ። ጋሽ ከድር የአዴ ጫልቱን አንደኛ ቀሚስ ቆርጠው ጨረሱ። ለሁለተኛው ጨርቁን ዘረጉ፣ በጠመኔ አሰመሩ፣ መቀሱን አነሱ።

ሁለተኛው ይቆይ አልኳቸው።

ለምን አሉ።

እስከ ስድስት ሰዓት ይጠብቁኝ፤ ቡልቡላ ካልቀረ አዴ የሚያስቀምጡት አያስፈልጋቸውም አልኳቸው። መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጡት። ደብዳቤዎቹ ሁለቱም ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው።