ድንኳን የተከለከለው ለቅሶ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ
ዝናብ። ጦር ኃይሎች ላይ ለታክሲ ተሰልፌ ጫማዬ በሰበሰ። ዓለም ባንክ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ቤት ስገባ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ገብረአምላክ የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን በፌስታል ጠቅልለው ትተውልኛል። እድሩ ሃምሳ ዓመት ሞላው፣ መጽሔት ይታተማል። አዘጋጁ ማን ይሁን? ጸሐፊው፣ እኔ። ደሞዝ የሌለው ሥራ ሲመጣ እኔን ማን ይረሳኛል!

አባባ ዩቲዩብ ከፍተው ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ስለ አብዮቱ ይጨቃጨቃሉ። "ወጣቱን ያስፈጃችሁት እናንተ ናችሁ!" "የለም፣ እናንተ!" አባባ "ዝጋልኝ ይሄን" አሉኝ። ሌላ ጊዜ እስከ መጨረሻው ነበር የሚሰሙት።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ
እንደምንም ልጻፈው።

ሦስተኛው ደብተር፣ የካቲት 1970። እንዲህ ይላል፦ "የወይዘሮ ጥሩሰው ልጅ ሰይፈ በመሞቱ ለቀረበው የድንኳን ጥያቄ፣ ሁኔታው እስኪጣራ ድንኳኑ እንዲቆይ ተወስኗል።" ከታች ጸሐፊው ፈርሟል። ቦሩ። አባቴ!

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አባባ ከእኔ በፊት የእድሩ ጸሐፊ እንደነበሩ አውቃለሁ። ይሄን ግን... እማማ ጥሩሰው ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት። ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ይልኩልናል። ልጃቸው በቀይ ሽብር መገደሉን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ድንኳን ማን እንደከለከላቸውስ? እሳቸውስ ያውቃሉ? ሳያውቁ ነው ድፎ የሚልኩልን?

ራት አልበላሁም።

ሰኔ 6፣ ዓርብ
አባባን ጠየቅኳቸው።

"ማን ነገረህ?"
"ደብተሩ።"

"ለአናርኪስት ማልቀስ ክልክል ነው ተባለ። ቀበሌው ጠራን። ያለቀሰ ይታሰር ነበር። እናትህ ታላቅ እህትህን አርግዛ ነበር። አንተ አልተወለድክም።"

"እኔ ብሆን አልፈርምም ነበር" አልኳቸው።

ተቆጥተው ቢጮሁብኝ በተሻለኝ። "እንዲያው እሱ ፈተናውን ያርቅልህ" ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ። በሰባ ስምንት ዓመታቸው... የወለደኝ ሰው ነው፤ ጀርባቸውን ሳይ ግን የማላውቀው ሰው መሰሉኝ።

ሰኔ 8፣ እሑድ
የወሩ ስብሰባ። ለአባላቱ ያነበብኩት ያ ውሳኔ በመጽሔቱ ይውጣ አይውጣ ተብሎ ጉድ ፈላ። ዮዲ፣ ዘነበወርቅ ሆስፒታል የምትሠራዋ ነርስ፣ "ይውጣ! ስንደባብቅ ነው እዚህ የደረስነው" አለች። አንዱ ከኋላ ተነሳ። "ነጭ ሽብርስ? ወንድሜን በር ላይ የጣሉትስ ይጻፋሉ?" ሌላው፣ "የዛሬውን ትታችሁ የሃምሳ ዓመት ሬሳ ትቆፍራላችሁ!" ጋሽ ገብረአምላክ ጠረጴዛ መቱ። "እድር ነው፣ ፓርላማ አይደለም!"

እኔም ተነሳሁ። "ጸሐፊው እስክሪብቶውን ማስቀመጥ ነበረበት" አልኩ። "አልጽፍም ማለት ምን ያቅታል?" ተጨበጨበልኝ። የጸሐፊውን ስም ግን አልጠራሁም። እማማ ጥሩሰው ከፊት ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ለምን እንዳላዩኝ አሁንም ይገርመኛል... ወይስ እኔ ነኝ ያላየኋቸው?

ሰኔ 11፣ ረቡዕ
ጠዋት ለጎረቤታችን ለእሙ መርዶ ተነገራት። ብሩኬ ሞተ። ጉሊት ቸርችራ ያሳደገችው አንድ ልጇ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር... ጫካ ገብቶ፣ እዚያው ውጊያ ላይ ወደቀ አሉ። አስከሬንም የለም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ
እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ አምስታችን። እንደ ደንቡማ ወዲያው ጡሩንባ ተነፍቶ ድንኳን ይተከላል። ግን "ከማን ጋር ሆኖ ነው የሞተው?" ተባለ። "ድንኳን ተክለን ነገ 'የእነሱ ደጋፊዎች ናችሁ' ብንባልስ?" በሩ ተዘጋ። ድምፅ ዝቅ ተደረገ። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባችን ፌስቡክ ላይ በጻፈው ተጠርቶ እስካሁን አልተመለሰም። ልጄ ዘንድሮ ማትሪክ ትፈተናለች። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ።

ጋሽ ገብረአምላክ "ጻፍ እንጂ" አሉኝ።

ጻፍኩ። ፈረምኩ። ከዚያ ነው ያነበብኩት። "ሁኔታው እስኪጣራ ድንኳኑ እንዲቆይ ተወስኗል።"

አልቀዳሁትም! ማንም አላነበበልኝም! ከራሴ እጅ ነው የወጣው።

ሰኔ 13፣ ዓርብ
ለአባባ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እንባቸው መጣ። "ዣንጥላዬን አቀብለኝ" አሉኝ።

እየደገፍኳቸው እሙ ቤት ደረስን። ሴቶቹ ላስቲክ ወጥረው ከሥሩ ተኮራምተዋል፤ ውሃው በጎን ይገባል። እሙ ድምጿ ተዘግቷል። ከአጠገቧ እማማ ጥሩሰው። አባባ እጄን ለቀቁና በሩ ላይ ቆሙ፣ ዣንጥላውን አጥፈው። ዝናቡ ይወርድባቸዋል።

"እትዬ ጥሩሰው፣ የሰይፈን ድንኳን የከለከልኩት እኔ ነኝ።"

እማማ ጥሩሰው ቀና ብለው አዩዋቸው።

"አውቃለሁ፣ ቦሩ። እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። ግባ፣ ዝናብ ነው።"

ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። አባባ ተቀመጡና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፣ እናቴ ስትሞት እንኳ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። እሙ አየችኝ። እማማ ጥሩሰውም አዩኝ። እኔን ግን ማንም ግባ አላለኝም።

ተመለስኩ። የእድሩ መጋዘን ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ከፈትኩት። ዮዲ ወንድሞቿን ጠርታ መጣች፣ የድንኳኑን ብረት ተሸከምን። ጡሩንባ ነፊውን "ንፋ" አልኩት። "ማን ፈቀደ?" አለኝ። "እኔ። ስሜን ጥራ።"

ጋሽ ገብረአምላክ ሰባት ጊዜ ደወሉ፣ አላነሳሁም። ነገ ማን እንደሚጠራኝ አላውቅም። ደብተሩን ከፍቼ ከትናንቱ ውሳኔ ሥር ጻፍኩ፦ "ለብሩኬ ለቅሶ ድንኳን ወጥቷል። ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ያወጣሁት እኔ፣ አማኑ ቦሩ ነኝ።"

ፈረምኩበት።