የወይዘሮ ቲርዛ ፓላንት የጥንቸል መረቦች ለማን እንደሚሆኑ

እኔ ቲርዛ ፓላንት፣ የሟቹ የጃቤዝ ፓላንት ሚስት፣ የሰባ ሰባት ዓመት ሴት ስሆን፣ ልቤ ደክሟል እንጂ አእምሮዬ አልደከመም። ዛሬ ቅዳሜ ኦክቶበር 9 ቀን 1971፣ በሰፎክ አውራጃ በሳክስሊ መንደር፣ በገዛ ቤቴ በማድ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን የኑዛዜ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የምትጽፈው ጠበቃዬ ወይዘሪት አላርድ ናት። በዚህ ቤት የሚነገረውን ሁሉ እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ። «ሁሉንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም አልኳት።

የተገኙት ወንድ ልጄ ክሌመንት፣ ሴት ልጄ ሄስተር፣ የመንደራችን ቄስ ሃርዲማን፣ እንዲሁም ጎረቤቴ አቶ ኦቤድ ላርተር ናቸው፤ ቄሱና ኦቤድ የተጠሩት ለምስክርነት ነው። ሐኪሙ ገናን እንደማላይ ለሄስተር ነግሯታል፤ ለእኔ ግን ደህና ነሽ ብሎኛል። ሄስተር ውሸት ስለማይሆንላት ፊቷን አይቼ አውቄዋለሁ። ስለዚህ እንቀጥል።

ቤቱን ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ሰጥቻለሁ። ክሌመንት ባለፈው ፋሲካ የጓሮውን በር ስፋት ሲለካ አይቼዋለሁ፤ መኪናውን ሊያስገባ ነው። ሄስተር ካልፈቀደች በሩ አይነካም።

ክሌመንት በዚህ ጊዜ «እማዬ፣ መለካት ወንጀል ነው እንዴ?» ብሏል።

የግድግዳው ሰዓት የክሌመንት ነው። ሰባት ደቂቃ ይቀድማል። አባቱ ሆን ብሎ ያስቀደመው ስለሆነ አይስተካከል።

ዱቼስ የምትባለው የአደን እንስሳዬ፣ ፌሬቴ፣ የሄስተር ናት። ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ጥንቸሎችን ወደ ውጭ በማባረር ከእርሷ የምትሻል ቀጭን አውሬ እስካሁን አላሳደግሁም። ለክሌመንት ያልሰጠኋት ስለምትነክሰው ነው። የምትነክሰውም ፈርቶ ስለሚይዛት ነው። ቄስ ሃርዲማን እርሳቸውንም እንደነከሰቻቸው እንዲጻፍ ጠይቀዋል፤ ተጽፏል።

አሁን ወደ መረቦቹ እመጣለሁ።

ክሌመንት ኢፕስዊች ከተማ ውስጥ መጠጥ ቤት አለው። እዚያ ግድግዳ ላይ የአባቱ ፎቶ ተሰቅሏል። ጃቤዝ ከስልሳ አንድ ጥንቸሎች ኋላ ቆሞ ይታያል። ከሥሩም «ጃቤዝ ፓላንት፣ በአንድ ቀን፣ ራሱ በሠራው መረብ» የሚል ጽሑፍ አለ። ክሌመንት የቃጫውን ረጅም መረብ ከፎቶው በላይ ሊሰቅለው ስለሚፈልግ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ያ ቀን እንዴት እንደነበር ላስመዝግብ።

ጊዜው ጥር 1938 ነበር። ያን ጊዜ ይህ ቤት የእኛ አልነበረም፤ የባለርስቱ ነበር። የምንኖርበትም ጃቤዝ የርስቱን ጥንቸሎች ስለሚያጠምድ ነበር። በዚያ ክረምት ጥንቸሎቹ ከጫካው ሥር ካለው ረጅም እርከን እየወጡ የስንዴውን ቡቃያ ጨረሱት። የርስቱ ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ቆሞ፣ «እርከኑ እስከ መጋቢት መጨረሻ ከጥንቸል ካልጸዳ ቤቱን ለሌላ አጥማጅ እሰጠዋለሁ» አለን። ሄስተር ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ክሌመንት ገና ይድህ ነበር።

ጃቤዝ በፌሬት አያያዝ የሚደርስበት አልነበረም። መረቦቹን የምሠራው ግን እኔ ነበርኩ። ይህን የሚያውቁ ሰዎች መጠጥ ቤት ውስጥ፣ «ጃቤዝ፣ ዛሬ ደግሞ የሚስትህን ቀሚስ ነው የምትዘረጋው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ብሽቅ ብሎ ቤሪ ከተማ ገበያ ሄደና አረንጓዴ የፋብሪካ መረብ ገዝቶ መጣ።

እኔም አየሁት። «ጃቤዝ፣ ይሄ እኮ ዓይኑ ጠባብ ነው። የጥንቸሉ ራስ ካልገባ በምን ይያዛል? ደግሞ ምንም ትርፍ ርዝመት የለውም፤ ሲዘረጋ ይወጠራል» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ያልሠራሽው ነገር አይጥምሽም» አለኝ።

እውነቱን ነው። መረቡም ግን መጥፎ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ረዳቱ ከኦቤድ ላርተር ጋር ሄዱ። ኦቤድ ያን ጊዜም እንደ ዛሬው ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። አራት ሰዓት ላይ ግን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እየሮጠ ይህን በር ከፈተው።

«ቲርዛ፣ ተነሺ። ግድግዳ ነው የዘረጋው! ፌሬቶቹ ሃያ ያህል አስወጡልን፤ ስንት የያዝን ይመስልሻል? ሁለት! አንዱ አንካሳ ነው። ሌሎቹ መረቡን እየመቱ ይነጥሩና ወደ ጉድጓዳቸው ይመለሳሉ።»

«ጃቤዝ ነው የላከህ?»

«ኧረ በስመ አብ! እሱማ አካፋ ላመጣ የሄድኩ ነው የመሰለው። እኔ እንደነገርኩሽ ካወቀ ያንኑ አካፋ አናቴ ላይ ይሰብረዋል። ሥራ አስኪያጁም ፈረሱ ላይ ሆኖ ያያል። በይ ቶሎ በይ።»

የቃጫ መረቤን ብስክሌቱ ላይ ጭኜ ሄድኩ። ስደርስ ጃቤዝ አየኝ። ሥራ አስኪያጁ «ሴትዮዋ ደግሞ ምን ልታደርግ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጃቤዝ አረንጓዴውን መረብ አየ፣ እኔንም አየ። ቀጥሎም «መረብ ልትዘረጋ ነው» አለ። በሕይወቱ ከተናገራቸው ቃላት ሁሉ ይህ የከበደው ይመስለኛል።

አረንጓዴውን ነቅዬ የእኔን ዘረጋሁ። ሄስተር፣ ይህን አንቺ ስሚ፤ ሌላው ቢተኛ ግድ የለኝም። ለሃምሳ ያርድ ሰባ አምስት ያርድ መረብ ያስፈልጋል። ትርፉ በየችካሉ መካከል እንደ ከረጢት ላላ ብሎ ይንጠልጠል፤ ጥንቸሉን የሚይዘው እሱ ነው። ዓይኑ ራሱን አስገብቶ ትከሻውን የሚያስቀር ይሁን። መረቡን ከጉድጓዱ አፍ አታስጠጊው፤ ጥንቸሉ ሮጦ ፍጥነት ይዞ ይምጣበት። የታችኛው ገመድ መሬት ካልነካ በሥሩ ያልፋል። ከነፋሱ በታች ሆነሽ ዘርጊ። ስትዘረጊ አትናገሪ፣ ኮቴሽም አይሰማ። ማታ ሳታደርቂው አታጣጥፊው። የልብስ ቁልፍ መረቡን እየያዘ ያተበትበዋል፤ ቁልፍ ያለው ካፖርት ለብሰሽ መረብ የያዝሽ ቀን ደግሞ ልጄ አይደለሽም።

እስኪመሽ ድረስ ሃምሳ ዘጠኝ ጥንቸሎች ያዝን። ከጠዋቱ ሁለት ጋር ስልሳ አንድ ሆኑ። ሥራ አስኪያጁ ካሜራ አውጥቶ ጃቤዝን ከጥንቸሎቹ ኋላ አቆመው፤ እኔን «ትንሽ ዞር በይ» አለኝ። ዞር አልኩ። ፎቶው ላይ በግራ በኩል ገመድ የያዘ እጅ ይታያል። የእኔ ነው።

ክሌመንት በዚህ ጊዜ «እኔ እኮ የኦቤድ እጅ ነው ብዬ ለሰው ሳወራ ነው የኖርኩት!» ብሏል። እጁ ላይ ያለውን የጋብቻ ቀለበት እንዲያይ ተነግሮታል።

ቤቱ አልተወሰደብንም። ጃቤዝ ግን አሥራ አንድ ቀን አኮረፈኝ። ጨው ሲፈልግ እንኳ «ሄስተር፣ እናትሽን ጨው ጠይቂያት» ይል ነበር፤ ጨውም እኔም ፊቱ ነበርን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «ነገ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እንሄዳለን። የመረቡን አንድ ጫፍ ማን ይይዝልኛል?» አለ።

«አንተ ትይዝልኛለህ» አልኩት።

እስኪሞት ድረስ ሃያ አንድ ዓመት ያዘልኝ። ከእሱ የተሻለ ጫፍ ያዥ አላየሁም። ይህን በሕይወቱ እያለ አልነገርኩትም፤ ያጠፋሁት ጥፋት ይህ ነው።

ሊሞት ሲል «ያን ቀን ማን ነው የነገረሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማንም፤ ልቤ ነገረኝ» አልኩት። ዋሽቻለሁ። የነገረኝ ኦቤድ ነው። ብቸኛ ጓደኛውንም ሥራውንም በአንድ ሩጫ ሊያጣ ይችል ነበር፤ እያወቀ ሮጠ። ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነሳውም።

ስለዚህ እንዲህ ወስኛለሁ። አረንጓዴው የፋብሪካ መረብ ጎተራ ውስጥ አለ፤ ለክሌመንት ሰጥቼዋለሁ። ለግድግዳ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ክሌመንት ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ ያርም። የመረብ መሥሪያ መርፌዬና የመረብ ዓይን መለኪያዬ ለሄስተር ይሆናሉ፤ የራሷን ትሥራ። የቃጫው ረጅም መረብ፣ ከነችካሎቹ፣ የአቶ ኦቤድ ላርተር ነው።

በዚህ ቦታ ወይዘሪት አላርድ መጻፏን አቁማ፣ «ወይዘሮ ፓላንት፣ ይህ አይሆንም። አቶ ላርተር ምስክር ናቸው። በኑዛዜ ላይ በምስክርነት የፈረመ ሰው በኑዛዜው መውረስ አይችልም» አለችኝ።

ሁሉም ወደ ኦቤድ ዞሩ። ብዕሩ በእጁ ነበር። ኦቤድን የማያውቅ ይህን አይረዳም፤ ሁለት ሰው ባለበት አንድ ወንበር ካለ ቆሞ የሚውለው እሱ ነው። ጃቤዝ ከሞተ ወዲህ ጫፍ የያዘልኝ እሱ ነው፤ ከያዝነው ሁልጊዜ ትንሹን ጥንቸል መርጦ ይዞ ይሄዳል። ቄስ ሃርዲማን «መቼም አቶ ላርተር ለወይዘሮ ቲርዛ ሲሉ መረቡን ትተው...» ብለው ጀመሩ።

ኦቤድ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሌላ ሰው ፈልጉ» አለ።

ወይዘሪት አላርድ የኑዛዜው አስፈጻሚ ስለሆነች መፈረም አልፈለገችም። ሄስተር ወጥታ ደብዳቤ የምታድለውን ወይዘሮ ዶሪን ፕላክን ከመንገድ ጠራቻት። ወይዘሮ ፕላክ ቦርሳዋን ሳታወርድ ገብታ «የምን ወረቀት ነው?» ስትል፣ ከሁላችንም ቀድሞ የመለሰላት ኦቤድ ነው።

«መረብ እየወረስኩ ነው። ፈርሚ።»

ከላይ ያለው ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ፣ በሁለቱ ምስክሮች ፊት ፈርሜያለሁ።

ቲርዛ ፓላንት

ምስክሮች፦
ቄስ ኤድመንድ ሃርዲማን፣ ፈርመዋል።
ወይዘሮ ዶሪን ፕላክ፣ ፈርመዋል።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ፦ አቶ ኦቤድ ላርተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቦታው ነበሩ። አልፈረሙም።